አያ ቢሻው ሲዘፍኑ

ልጅ እያለሁ ጥር ሲመጣ እግሬ ከፍኖተ ሰላም ለመውጣት ይቁነጠነጥ ነበር። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ባለቀ ማግስት እናቴ ቡሬ በሚሄደው አውቶቡስ ታሳፍረኝና፣ የአጎቴ ልጅ ከአስፋልቱ ዳር ተቀብሎኝ ወደ አያ ቢሻው አውድማ እንሄዳለን። አዲስ የተለቀለቀው እበትና የጤፍ ጭዱ ሽታ ዛሬም ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ። ጭድ ውስጥ ስንከባለል ውዬ፣ ማታ ሰውነቴን እያከክሁ አሬራዬን እጠጣለሁ። ከዚያ የሚበልጥ ሀብት ያለ አይመስለኝም ነበር።

አያ ቢሻው የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ተብታባ ነበሩ። መንተባተባቸው ቀላል አልነበረም። «እንደምን ዋላችሁ» ለማለት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ የአንገታቸው ሥር ተገታትሮ፣ ከቃሉ ጋር ይታገላሉ። ሰው አዝኖ ቃሉን ሊጨርስላቸው ሲሞክር ደግሞ ጭራሽ ይዘጋባቸዋል። ገበያ ሲወጡ ዋጋ የሚከራከሩት ሚስታቸው እቴ ስንዱ ነበሩ። የእድር ስብሰባ ላይም ሐሳባቸውን ለጎረቤታቸው በጆሮው ሹክ ይሉትና እሱ ይናገርላቸዋል። እንዲህ ሆነው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰው ኋላ ተቀምጠው ኖሩ።

ከበሬ ኋላ ሲቆሙ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ዳማ የሚሉትን ቀይ በሬያቸውን ከፊት አሰልፈው ሲያበራዩ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጀምበር እስክታዘቀዝቅ አንዲት ፊደል አትሰናከልባቸውም።

«እርገጠው ዳማዬ፣ እየዞርክ በእግርህ፤
ፍሬው ለልጆቼ፣ ጭዱ ግን ለራስህ።»

ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች እንስራቸውን እንዳዘሉ ቆም ብለው ያዳምጧቸው ነበር። እቴ ስንዱም ፈገግ ይሉና «እግዜር በሰው ፊት ያሰረውን ምላስ በበሬ ፊት ፈታለት» ይላሉ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ የማመካኝበት ቀዳዳ የለኝም።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ፣ በከተማችን ስታዲየም የትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ፌስቲቫል ሊካሄድ ነው ተባለ። ከደምበጫ፣ ከቡሬ፣ ከፈረስ ቤት ሳይቀር ተማሪዎች ይመጣሉ። የኪነት ክበባችን ኃላፊ የሆነው መምህር ጆሮ ያልሰለቸው ዜማ ከየዘመዶቻችን ይዘን እንድንመጣ አዘዘን። የእኔ ድምፅ ለዘፈን ቀርቶ ለስም ጥሪም አይመችም ነበር፤ ያም ሆኖ የአያ ቢሻውን ዜማ «የአጎቴ ነው» ብዬ ይዤ ቀረብሁ። ስጨርስ አንዱ አዛጋ። ሌላዋ የጫማዋን ክር ታስር ነበር።

እልህ ያዘኝ። ዓይኔን ጨፈንሁ፣ አንገቴን ገተርሁ፣ ልክ እንደ አጎቴ ሆንሁና «እ-እ-እ-እርገጠው ዳ-ዳ-ዳ-ዳማዬ!» አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከበሮ መቺያችን ምቱን ወዲያው ያዘው፤ መንተባተቡ ራሱ ምት ሆኖ ቁጭ አለ። መምህሩም ስቆ ስቆ ዕንባውን ጠረገና፣ ቆጣ ሳይል፣ በእውነት ለማወቅ ፈልጎ ጠየቀኝ።

«ሰውዬው ሲዘፍኑ እንዲህ ነው የሚሉት?»

«አዎ» አልሁ።

አይሉም ብል ዘፈኑን መልሼ ወደ ማዛጊያው ልወስደው ነው። በሕይወቴ ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ የዚያችን «አዎ» ያህል የከበደኝ ግን የለም።

በፌስቲቫሉ ቀን የመድረክ መሪው «በቀጥታ ከገበሬዎቻችን አንደበት የተወሰደ!» ብሎ አስተዋወቀን። ስታዲየሙ ከእኛ ጋር ተንተባተበ። ዳኞቹ እንኳን ወረቀታቸውን አስቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር። ከሰዉ መሐል እናቴን ፈልጌ አገኘኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች፤ አልሳቀችም። አንደኛ ወጥተን ዋንጫውን ይዤ ቤት ስገባ ጎረቤት ሁሉ ሲያቅፈኝ እሷ እራቴን አቀረበችልኝና «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። የቀናችብኝ መስሎኝ አኮረፍሁ። እንደዚያ ያለች ልጅ ነበርሁ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ሲጀመር አንድ የቡሬ ኦርጋን ተጫዋች ዘፈኑን አፍጥኖ ተጫወተው። ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው ጠፋ። መናኸሪያው ውስጥ ካሴቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል። ሴቶች ልጆች ሱዚ የሚዘሉት በእሱ ነው። ያን ሰሞን ከተማ የገቡት ባጃጆች ኋላ መስታወታቸው ላይ «ዳ-ዳ-ዳማዬ» ብለው አስጻፉ። ጎረምሳው ኮረዳዋን ዳማዬ ይላታል፤ ዳቦ ቤት ሄዶ «ዳ-ዳ-ዳቦ» ሳይል የሚገዛ ልጅ አልነበረም። በፊት የአገራችን ሠርግ ዘፈን ሙሽራውን ያሞግስ ነበር፤ ያን ዓመት ግን አንደበቱ የተያዘ ሰው የሠርግ ማድመቂያ ሆነ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው። ሲያዩኝ «ያቺ ልጅ» ይሉኛል።

በሚቀጥለው ጥር አውድማው ላይ ስደርስ ወንፈል ነበርና የጎረቤት ጎረምሶች ሁሉ መንሻቸውን ይዘው ተሰብስበዋል። አያ ቢሻው እንደ ወትሯቸው ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው «እርገጠው ዳማዬ» ብለው ጀመሩ። ከወዲያ በኩል ጎረምሶቹ «እ-እ-እ-እርገጠው!» ብለው ተቀበሏቸው። ክፋት አስበው አይመስለኝም፤ ዘፈኑን የሚያውቁት እንደዚያ ነው። አጎቴ ዞር ብለው አዩ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም ተቀበሏቸው። ሦስተኛ ሲሞክሩ ያ አፍ ተያዘ። «እ-» አሉ፤ «እ-» አሉ፤ ዓይናቸው ተጨፈነ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። በሬዎቹ ቆሙ። ጎረምሶቹም መንሻቸውን አወረዱ።

ጅራፉን ለልጃቸው ሰጡትና ከአውድማው ወጥተው እኔ ከተቀመጥሁበት የጭድ ክምር ሥር መጥተው ተቀመጡ። ጭዱን በጣታቸው ሲቆራርጡ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ል-ልጄ፣ እኔ ስ-ስዘፍን እንደዚያ እላለሁ እንዴ?»

ያንን ጥያቄ በደንብ ተመልከቱልኝ። ሰውዬው እኔን እየወቀሱኝ አልነበረም። ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሆኖ አይሰማውም፤ ስዘፍን ምላሴ ይፈታል ብለው ዕድሜ ልካቸውን ያመኑት ምናልባት ስተው እንደሆነ፣ እውነቱን ታውቃለች ያሏትን ልጅ መጠየቃቸው ነው። «አይሉም አያ፣ አንድም ቀን ብለው አያውቁም» ብል ይበቃቸው ነበር። ያን ካልሁ ግን እንግዲያ መንተባተቡን ማን ጨመረው ሊሉኝ ነው። አንገቴን ደፋሁ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰዱት፤ ራሴን ዳበስ አድርገውኝ ተነሡ።

ከዚያ ቀን በኋላ ሲዘፍኑ የሰማቸው የለም። ዳማም ያለ እሳቸው ዜማ መዞር እምቢ አለ፤ ልጃቸው ይገርፈዋል፣ እሱ ይቆማል። በዚያው ዓመት ለፋሲካ ገበያ አውጥተው ሸጡት። እኔም ሰበብ እየፈለግሁ ጥር ሲመጣ መሄድ ተውሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እኔ ግን ወጊዋ ሆኜም መርሳቱ አልሆነልኝም።

አሁን እዚያው ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። ፌስቲቫሉም አድጎ በየዓመቱ ይከበራል። ዘንድሮ ከዳኞቹ አንዷ አድርገው አስቀመጡኝ። ሦስት ቡድን ተራ በተራ ወጥቶ የበሬ ዘፈን ዘፈነ፤ ሦስቱም ተንተባተቡ። ልብሳቸው ያማረ፣ ጅራፋቸው በዶቃ ያጌጠ ነበር። ወጣቱ የመድረክ መሪ ከወረቀቱ ላይ «ይህ አባቶቻችን ሲያበራዩ ቃሉን እየቆራረጡ የሚያዜሙበት ጥንታዊ ስልት ነው» ብሎ አነበበ። አጠገቤ ያለው ዳኛ ራሱን እየነቀነቀ ጻፈው። ማይክሮፎኑ ፊቴ ነበር። አጨበጨብሁ። ያኔ ልጅ ስለሆንሁ ነው እያልሁ ስጽናናባት የኖርሁባት ሰበብ እዚያው ወንበር ላይ አለቀችብኝ። ልጅ ሆኜ ያደረግሁትን ትልቅ ሰው ሆኜ ደገምሁት።

በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። አያ ቢሻው በጣም አርጅተዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው፣ ልጃቸው የተከራየው የመውቂያ ማሽን ከማዶ እየጮኸ የእሳቸውን ጤፍ ይወቃል። ጉልበታቸውን ስሜ ከጎናቸው ተቀመጥሁ።

«አያ፣ ያኔ የጠየቁኝን ልመልስ ነው የመጣሁ» አልኋቸው። «እርስዎ ሲዘፍኑ አንድም ቀን ተንተባትበው አያውቁም። የጨመርሁበት እኔ ነኝ። ሰው እንዲስቅልኝ ብዬ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ማሽኑ መለሱ። የሰሙኝ አልመሰለኝም ነበር። በኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚሉትን ገምቼ ልጨርስላቸው ምላሴ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዋጥሁት፤ ጠበቅሁ።

«ዳ-ዳማ ሳይሸጥ ብትነግሪኝ ም-ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ዳማ ከተሸጠ ሃያ ዓመት አልፎታል።