ቅጠል ሳይወጣ ዱካ ፍለጋ

የዲር አደን በኅዳር ይጀምራል ይላሉ። አይጀምርም። በኅዳር የሚሆነው መግደል ነው። አደኑ የሚጀምረው በመጋቢት፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ቅጠል ሳይወጣ፣ ጠመንጃው ቤት ተቆልፎበት ነው። ያን ጊዜ ጫካው ራቁቱን ነው፤ ነጭ ጅራቱ እንስሳ ዊንተሩን የት እንደተኛ፣ በየት እንደተመላለሰ፣ ቀንዱን የትኛው ግንድ ላይ እንዳሸ ሁሉ ይታያል። አገር ቤት ያላችሁ አጋዘን በሉት፤ እኔን ከጠየቃችሁ ለድኩላ ይቀርባል። እዚህ ዲር እንለዋለን፣ ፍለጋውንም ስካውት ማድረግ። «እንለዋለን» ስል እኔና ፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ሌላው ሐበሻ ቅዳሜ ወይ ይተኛል ወይ ኦቨርታይም ይሠራል።

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ገና ጎህ ሲቀድ ነበር። እናቴ «አሜሪካ ብርድ ነው አሉ» ብላ ሹራብ በሹራብ ላይ አስደርባ ሸኘችኝ። እኔ ደግሞ ደብረ ብርሃን ተወልጄ ብርድ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ለካ የእኛ ብርድ ጨዋ ነው፤ አንኳኩቶ ይገባል። የሚኒሶታው በሩን ገንጥሎ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ብሩክሊን ሴንተር የተከራየሁበት ቤት ኃላፊ ማሞቂያው አይሠራም ስለው፣ «ሹራብ የለህም?» አለኝ። «ሞልቶኛል» ስለው፣ «ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?»

ባለፈው መጋቢት እናቴ ታመመች። «ጉንፋን ነው» አሉኝ። ስደውል ተኝታለች። በማግስቱ ስደውል ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች፤ ሁዳዴ አይደል? ቅዳሴ ለማስቀደስ አቅም ያላት ሴት ስልክ ለማንሣት እንዴት አቅም አጣች? ትኬት ልቁረጥ ስል እህቴ ተቆጣችኝ፦ «ለጉንፋን ባሕር ይሻገራል እንዴ? ለፋሲካ ትመጣለህ።» እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ድምጿን መስማት።

ቅዳሜ ጠዋት ልቤ አላርፍ ሲለኝ ወደ ጫካ ልሄድ ተነሣሁ። ታደሰ በሩን አንኳኳ፤ ባለቤቴ ከፈተችለት። ወደ አሜሪካ ስመጣ መንገድ ላይ፣ ናይሮቢ አንድ ክፍል ተካፍለን ከኖርንበት ጊዜ ጀምሮ ጓደኛዬ ነው፤ አሁን ሮዝቪል አረጋውያን ይንከባከባል። ጫካ አይወድም። መዥገር ይፈራል።

«ዛሬ አብሬህ ልሂድ» አለኝ።

«የት?»

«እዚያ በጠጥ ለማየት የምትሄድበት።»

የለበሰው ጥቁር ሱሪና የቤተ ክርስቲያን ጫማ ነው። መኪና ውስጥ፣ «የኔ ስልክ ቻርጅ ጨርሷል» ብሎ ስልኬን ተቀበለኝ፤ ከዚያም ኪሱ ከተተው።

የጫካው ባለቤት ከከተማው በስተሰሜን የሚኖር ሽማግሌ ገበሬ ነው። በየዓመቱ በሩ ላይ ያስቆመኛል።

«ዘንድሮስ ትተኩሳለህ?»

«በኅዳር እተኩሳለሁ።»

«አምናም እንዲሁ ብለህ ነበር።»

«አምና ዲሩ አልመጣማ።»

«መጥቶ ነበር እንጂ፤ እኔ ጓሮ አበባዬን ሲበላ ነበር።» ታደሰን ከጫማው እስከ ራሱ አየው። «ይሄኛው ምን ሆኗል? ከቀብር የመጣ ይመስላል።»

እኔ ሳቅሁ። ታደሰ አልሳቀም።

ጫካው ውስጥ አስተማሪ ሆንኩ። የተላጠውን ግንድ አሳየሁት። በረዶው በገላ ሙቀት ቀልጦ የጎደጎደበትን ቦታ አሳየሁት።

«ይኸውልህ መኝታቸው። ትልቁ የእናትየዋ ነው፣ ጎኑ ያለው ትንሹ የልጇ።»

ፊቱን አዞረ። «ነፋሱ ነው» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ነፋስ አልነበረም።

ከዚያ በፌስታል የቋጠረውን የሽሮ ፍትፍት አወጣ።

«ብላ።»

«አልራበኝም።»

«ብላ ስልህ! ትንሽ ጨምር፣ በሞቴ።»

እንመለስ ስለው፣ መዥገር የሚፈራው ሰው «ትንሽ እንቆይ» አለኝ። ከበጠጥና ከተላጠ ቅርፊት የእንስሳ ታሪክ የማነብ ሰው፣ ይህን ሁሉ አይቼ ምንም አላነበብኩም።

ዌስት ሴንት ፖል፣ ቤቴ ጋ ስንደርስ መንገዱ ግራና ቀኝ በመኪና ተሞልቷል።

«ጎረቤት ድግስ አለው መሰለኝ» አልኩ።

ታደሰ ክንዴን ያዘ። በሩ ሲከፈት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቆመው ነበር። ባለቤቴ ጥቁር ለብሳለች። ያኔ ማንም ቃል ሳይተነፍስ ሁሉንም አወቅሁ፤ ጮኼ ወለሉ ላይ ወደቅሁ፣ የጫካው ጭቃ ጫማዬ ላይ እንዳለ።

እናቴ የሞተችው ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ተቀብራለች። ማክሰኞና ረቡዕ ግን ሰው ሥራ ነው፤ ስለዚህ መርዶው ሁሉም እስኪያርፍ ቅዳሜን ጠበቀ። አሜሪካ ሞትም ዊኬንድ ይጠብቃል። ሐሙስ ማታ ባለቤቴ፣ ሁሉን እያወቀች፣ «አይዞህ፣ ትድናለች» ብላኛለች። ዓርብ ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆሜ «ማርልኝ» እያልኩ ስለምን ነበር። እግዚአብሔር እንኳ ሳያፍርልኝ አልቀረም።

ከዚህ የከፋውን እህቴ በኋላ ነገረችኝ። ጉንፋን አልነበረም፤ ሳንባዋ ነው። እናቴ እስከ መጨረሻው ስሜን እየጠራች «አገናኙኝ» ስትል ነበር። ድምጿ ተዳክሟልና እንዳልደነግጥ ብለው ስልኩን አላቀበሏትም። እንዳልደነግጥ!

ልማዱ የፍቅር ነው ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ሰው ብቻውን እንዳይሰማ፣ ሲወድቅ የሚያነሣው እንዲኖር ነው። ታደሰንም አልተቀየምኩትም፤ ያን ቀን ሙሉ ብቻውን ተሸክሞልኛል። ግን ይህ ልማድ የተሠራው ሟችም አልቃሽም አንድ ሰፈር ለሚኖሩበት አገር ነው። እዚያ መርዶው በጠዋት ቢነገርህ ለቀብሩ ትደርሳለህ። እኔ ለቀብሩም አልደረስኩም፣ ለድምጿም አልደረስኩም። ከመውደቅ አዳናችሁኝ፤ እናቴን ግን ከነሕይወቷ ቀማችሁኝ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ባሕር ማዶ ካለ ሰው የደበቃችሁት ሕመም ካለ፣ አሁን ደውሉለት። ሕመምተኛው መተንፈስ ከቻለ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዙለት። ከሞተም «ሞተ» በሉት።