ዓሣ ወለደች የተባለችው እህቴ

እህቴ ሸሕዲ ከተማ ውስጥ ለአንድ የሰሊጥ እርሻ ባለቤት ተድራ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እኔ ከውጭ አገር ትምህርቴ ለእረፍት መጥቼ እነሱ ቤት ነበርኩ። ልጁ ከወገቡ በላይ ሙሉ ነው፤ መልኩ ቁርጥ እሷን። ከወገቡ በታች ግን እግሮቹ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ ወደ ጫፉም ቀጥነዋል። ግማሽ ቀን ሳይሞላው ሞተ።

ገና ሳይቀበር ወሬው መናኸሪያ ደረሰ። «የባለሰሊጡ ሚስት ዓሣ ወለደች» ተባለ። አማቷ ደግሞ «በጠራራ ፀሐይ ሽንፋ ወንዝ ወርዳ ስትታጠብ የቀትር ጋኔን አግኝቷት ነው» አሉ።

እኔ የምማረው ይህንኑ ነበር፤ ሰውነት እንዴት እንደሚቀረጽ፣ በዓሣ ጽንስ ላይ። ባሏና አማቷ ለቀስተኛው መሀል ተቀምጠው ሳለ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«እማማ፣ ጽንስ ገና የሴሎች ክምር ሳለ አንዱ ሴል ለጎረቤቱ መልእክት ይልካል። እደግ፣ ይህን ሁን የሚል ፕሮቲን ነው። መልእክቱ ሲደርስ ሌሎቹን የሚቀሰቅሱ ዘረመሎች ይነቃሉ። ጡንቻው፣ ደሙ፣ አከርካሪው የሚወጣበት መካከለኛው ንጣፍ የሚሠራው በዚያ ነው። እኛ መድኃኒት ጨምረን መልእክቱን ስናቋርጠው፣ ዓሣው ራስና ዓይን ያወጣል፤ ወገብና ጭራ ግን ይቀርበታል። የልጁም እንዲህ ያለ ነገር ይመስለኛል። የማንም ኃጢአት አይደለም።»

አማቷ አጨብጭበው ወደ ለቀስተኞቹ ዞሩ። «ሰማችሁ? የገዛ ወንድሟ፣ የተማረው፣ ዓሣ ነው አለ!»

«ኧረ እንዲያ አላልኩም።»

«ጭራ አላልክም?»

አንዷ ሴት አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ባልየው «መልእክቱን የምትልከው እናቲቱ ናት?» አለኝ።

«አይ፣ የጽንሱ የራሱ ሴሎች ናቸው።»

«ጽንሱ የነበረው እሷ ሆድ ውስጥ ነው» አለና ተነሥቶ ወጣ።

በአራስነቷ ልብሷን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ሰጧት። ሚኒባስ ላይ ስንሳፈር ረዳቱ ለአንዱ መንገደኛ «ዓሣዋ ይቺ ናት» አለው። ጡቷ አግቶ ወተቱ ቀሚሷን አርሶታል።

መንገድ ላይ «ልጄን ያመው ነበር?» አለችኝ።

«ያ ነገር ሲደርስበት ገና ነርቭ እንኳ አልነበረውም።»

«የኔ ጥፋት የለበትም?»

«የለበትም።»

«ታዲያ ለምን እኔ ብቻ ተባረርኩ?»



ባልየው የዚያ ዓመት ሰሊጥ ሳይታጨድ ሌላ አገባ። እህቴ ሳንጃ ከተማ ሻይ ቤት ከፈተች፤ ከዚያ ወዲህ ወንድ አላስጠጋችም። ወልዳ ታውቅ እንደሆነ የሚጠይቃት ሲመጣ፣ ብርጭቆ ማለቅለቋን ሳታቆም «አልወለድኩም» ትላለች።