በኦይታ ሣር ላይ የተራመዱት

አጎቴ ኦይታ በጋሞ ደጋ የኦቾሎ መንደር ሸማኔ ነበር። ባለፈው ግንቦት ሲሞት፣ መንደሩ እሱን ለሽምግልና መጥራት ካቆመ አራት ወር አልፎ ነበር። ምክንያቱ አንድ ፊልም ነው።

ከሠላሳ ዓመት በፊት «ኩልፎ ማዶ» የሚባል ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ይታይ ነበር። ጋቢ ሊሸጥ ወደ ሲቀላ ከተማ የወረደውን ኦይታን አዘጋጁ ገበያ ላይ አየውና የሽማግሌውን ቦታ ሰጠው። ገና አርባ አልሞላውም፤ ጺሙን በዱቄት አነጡለት። በመጨረሻው ክፍል እርጥብ ሣር ይዞ በተጣሉ ወንድማማቾች መካከል ተንበረከከ፤ እነሱም ጦራቸውን ጣሉ። በጋሞ ሣር ይዞ የተንበረከከን ሽማግሌ አልፎ የሚሄድ የለም። ከዚያ ወዲህ ሰው የራሱን ጠብ ይዞ ወደ እሱ ይመጣ ጀመር፤ መጀመሪያ እየሳቀ፣ ኋላ ከልቡ። ኦይታም ሸማውን ከእጁ ጥሎ ይሄድ ነበር።

አምና አንድ የፊልም ድርጅት ድራማውን ለሲኒማ ሊሠራው ከአዲስ አበባ መጣ። ዳይሬክተሩ ወንደሰን ኦይታን በዚያው የሽማግሌ ቦታ አሠራው። ኦይታ ሣሩን ራሱ አጭዶ አመጣ፣ ተንበረከከ፣ ተቀረጸ። ቀጥሎ ዋናው ተዋናይ ሣሩን ረግጦ እንዲያልፍ ታዘዘ። ኦይታ ተነሣ።

«ልጄ፣ ይኼን የሚሻገር ሰው የለም።»

«አባባ፣ ፊልም እኮ ነው» አለው ወንደሰን። «ካልተሻገረ ታሪኩ እዚሁ አለቀ።»

«እኛም ሣር የምንይዘው እንዲያልቅ ነው።»

ሣሩን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሄደ።

እነሱ ግን የተንበረከከበትን ቀረጻ ይዘው፣ በሌላ ቀን ተዋናዩን በሌላ ሣር ላይ አራምደው፣ ሁለቱን ገጣጠሟቸው። ፊልሙ ታኅሣሥ ላይ በሲቀላ ሲታይ፣ ኦይታ ተንበርክኮ ሲታለፍ ሁላችንም አየን። ሰው እየተነሣ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ፊልሙ ተነሣ። አዲስ አበባም ሳምንት አልቆየም። ወንደሰን በሬዲዮ ቀርቦ ተመልካቹ ለአዲስ ነገር ዝግጁ አይደለም አለ። እሱ ሌላ ፊልም ይሠራል።

ኦይታ ሌላ ስም አልነበረውም። የመንደሩን ሰዎች አልፈቀድኩም ቢላቸው፣ በዓይናችን አየንህ አሉት። በጥር ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ሲጣሉ ሌላ ሽማግሌ ተጠራ። ሽማግሌዎቹ በደጁ ሲያልፉ ቁጭ ብሎ አያቸው።

የቀረጻው የዕለት ማስታወሻ ቅጂ እኔ በምሠራበት በከተማው የመንግሥት መዝገብ ቤት፣ ከፊልሙ ፈቃድ ፋይል ጋር ተቀምጦ ነበር። «ሽማግሌው የሣሩን መረገጥ ተቃውመው ቀረጻውን ጥለው ሄደዋል» ይላል፤ ቀንም ፊርማም አለው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አገኘሁት። በዚያው ቀን ኮፒ አድርጌ ኦቾሎ መውጣት እችል ነበር። ያለ ደብዳቤ ሰነድ አይወጣም እያልኩ ሌላውን ስመልስ የኖርኩ ነኝና ጥያቄ ጽፌ አስገባሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር። ጠበቅሁ። ደብዳቤው የተፈረመው ኦይታ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው።

ማኅተም ያለበትን ኮፒ ይዤ ወጣሁና በዱቡሻው፣ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ሜዳ፣ ሚያዝያ ላይ ማግኘቴንም ነግሬ አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። አብሮ አደጉ እንድሪያስ «እንግዲህ እውነቱ ወጣ» አለ። ሠላሳ ዓመት ያስታረቃቸውን ሰው ቃል አምስት ወር ሙሉ አላመኑም፤ ማኅተሙን ግን አገላብጠው እንኳ ሳያዩ አመኑት።

ባለቤቱ አስቴር ዳር ቆማ ነበር። ወረቀቱን ስዘረጋላት እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም።

«ፋይልሽ ውስጥ መልሺው» አለችኝ። «እነሱ አላመኑትም። አንቺ ግን አውቀሽ ነው የጠበቅሽው።»