ሁለት ጣሳ አረንጓዴ ቀለም

እናቴ ባለፈው ነሐሴ ንፋስ መውጫ፣ እኔ ዘንድ የመጣችው ለጥየቃ ነበር። ገጠር፣ አርብ ገበያ አጠገብ ባለው ቤቷ፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ብቻዋን ነው የምትኖረው። እዚሁ እንድትቀርልኝ ፈለግሁ። ግን "እኔ ጋር ቅሪ" የሚለው ቃል አፌ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። ስለዚህ የኋላውን ክፍል ቀለም ላስቀባላት አሰብኩ፤ ለእሷ መሆኑን ስታይ፣ ሳልናገር ይገባታል ብዬ።

አረንጓዴ እንደሚሆን ወስኛለሁ። የትኛው አረንጓዴ የሚለው ግን ስላስቸገረኝ ሁለት ጣሳ የውሃ ቀለም ገዛሁ፤ አንዱ ፈካ ያለ፣ አንዱ ጠቆር ያለ። ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ግድግዳው ላይ ቀብቼ ጠራኋት።

"ፈካ ያለው ገና ያላሸተ ገብስ ነው" አለች ቀረብ ብላ። "ያኛው የባቄላ ቅጠል።"

"የቱ ይሻላል?"

"ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደሽ ግድግዳ ላይ ልትዘሪ መጣሽ?"

"በሞቴ እማዬ፣ የምሬን ነው።"

"እንግዲህ ገብሱ ሥር ከተኛሁማ፣ ከብት ገባበት እያልኩ ስባንን ላድር ነው።"

ሳቅን። እኔ ግን ደንገጥ አልኩ፤ ገብሱ ማሳዋን ካስታወሳት መሄዷ ነው። ባቄላው ይሁን እንዳልል ደግሞ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ያጨልመዋል። ቀቢው የሚመጣው ከሰዓት ስለሆነ እስከዚያ አስብበታለሁ ብዬ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ለምሳ ስመለስ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጠቆር ያለውን ቀለም በመዳፏ እየዘገነች ግድግዳውን ትለቀልቃለች። ገጠር ሴቶች በየዓመቱ፣ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ቤታቸውን በጭቃና በእበት እንደሚለቀልቁት። እጇ እስከሚደርስበት ሁለቱ ግድግዳ አልቋል። የጣቶቿ መስመር ሁሉ ይታያል።

"እማዬ! በብሩሽ እኮ ነው! ሰውዬው ይመጣል!"

"ለልቅለቃ ወንድ ምን ሊሠራ ይመጣል?"

ቀቢውን ደውዬ እንዳይመጣ ነገርኩት። ከላይ የቀረውን እኔ ወንበር ላይ ቆሜ በእጄ ጨረስኩት። የእኔ መስመር ሲንሻፈፍ እሷ ከታች ሆና ትስቅብኛለች። ክፍሉ ጨለም ብሏል፤ ግን አልከፋም።

"ይሄንንስ ለማን ልስጠው?" አልኳት ፈካ ያለውን ጣሳ አንስቼ።

"ለምን ትሰጫለሽ? ክዳኑን ግጠሚና አስቀምጪው። ለከርሞው ልቅለቃ እሱን እናደርጋለን።"

"እሺ" አልኳት። ክዳኑን በሁለት እጄ ተጭኜ ገጠምኩት፤ አየር እንዳያስገባም በፌስታል ጠቅልዬ አልጋዋ ሥር አስቀመጥኩት።