ምች ነው ብዬ የዘጋሁት መስኮት

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ስንነሳ ሙቀት ስለነበር መስኮቱ ሁሉ ክፍት ነው። ዳገቱን ስንጀምር ከኋላዬ የተቀመጠች የፋብሪካ ሠራተኛ፣ «የኔ አባት፣ ይዝጉት እባክዎ፣ ላብ ላይ ነን፣ ነፋስ ይመታናል» አለችኝ። ዘጋሁት። እጄ ግን መስታወቱ ላይ ቀረ።

ወደ ደሴ የምወጣው ሰይድ ስለጠራኝ ነው። ሰይድ የቢስቲማ ሰው፣ የወጣትነት ጓደኛዬ ነው። ስልክ ደውሎ፣ «ልጄ ፋጡማ እኛ ወደነበርንበት አገር ልትሄድ ነው። ፒያሳ እንገናኝና ምከርልኝ» አለ። ከዚያ እየሳቀ ጨመረ፦ «ዳማከሴ ቋጥሬላታለሁ። አንተ እንዴት እንዳዳንከኝም ነግሬያታለሁ።»

ጋዜጠኛ ከመሆኔ በፊት ሁለት ዓመት ከቀይ ባሕር ማዶ በቀን ሠራተኛነት ኖሬያለሁ። የሄድኩት በሐምሌ ነው። የደሴ ሐምሌ ጭቃ፣ ጉምና ከልብስ የማይለቅ እርጥበት ነው። እናቴ ሻንጣዬ ውስጥ ወፍራም ሹራብና የላስቲክ ቦቲ ከተተችልኝ። ሐምሌ የትም ሐምሌ መስሏት ነበር፤ እኔም መስሎኝ ነበር። ከአውሮፕላኑ ስወርድ ፊቴን የገረፈኝ ወላፈን የሞተሩ ነው ብዬ ፈጠን ብዬ ተራመድኩ። ሞተሩን ራቅኩት፤ ወላፈኑ ግን አልቀረም።

ሰይድን ያገኘሁት በሠራተኞች መኝታ ክፍል ነው። አልጋችን ጎን ለጎን ነበር። በሙቀቱ ስዝለፈለፍ እያየ ይስቅብኝ ነበር።

«እናንተ የደሴ ሰዎች ፀሐይ የምታውቁት በፎቶ ነው» ይለኛል። «አብሽር፣ ትለምደዋለህ።»

ሐምሌ ሳያልቅ የወደቀው ግን እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ብሎኬት እያወረድን ላቡ ድንገት ደረቀ። ቀጥሎ፣ «በሬዎቹ ጤፉ ውስጥ ገቡ፣ አውጣቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ተደፋ።

ተሸክሜ ክፍላችን አስገባሁት። ገላው ምጣድ ሆኗል፣ ይንቀጠቀጣል። አንዲት ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ ምች ነው። ምች የመታው ሰው ነፋስ እንዳይነካው ተሸፋፍኖ፣ በዳማከሴ ታጥኖ ላብ ሲወጣው እንደሚድን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ማቀዝቀዣውን አጠፋሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። የእሱንም የእኔንም ብርድ ልብስ ደረብኩበት። እናቱ የላከችለትን ደረቅ ዳማከሴ አፍልቼ የሚጨሰውን ድስት ከብርድ ልብሱ ሥር አስገባሁ። ጎኑ ተቀምጬ ላቡን ጠበቅኩ። አልመጣም።

ፓኪስታናዊው ፎርማናችን ሊፈልገን መጣና በሩን ከፈተ። ያየውን ሲያይ ጮኸ። ብርድ ልብሶቹን ገፍፎ ወለሉ ላይ ጣለ፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ አንስቶ መጣ። እኔ ምን አደረግኩ? ባልዲውን ያዝኩበት። «ትገድለዋለህ!» አልኩት በአማርኛ። ገፍትሮኝ አፈሰሰበት።

ሰይድ ብዙ ቀን ሐኪም ቤት ተኛ። አንድ ሱዳናዊ ሐኪም እንዲገባኝ በእጁ ምልክት እያገዘ በቀስታ በዓረብኛ ነገረኝ። ሕመሙ የሙቀት ነው፤ ሸፍነህ ያቆየህበት እያንዳንዱ ደቂቃ ጎድቶታል፤ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ይሞት ነበር አለኝ። ሰይድ ዳነ፤ ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። «የዚያ አገር ፀሐይ ናት» ይላል። ቢስቲማ ተመልሶም ከምች ማን እንዳዳነው ለሰው ሁሉ አወራ።

ስሕተት ይዞ የወጣ ዘገባ ሲገጥመኝ በማግስቱ እርማት አስወጣለሁ። ወጣት ዘጋቢዎችን ያላጣራችሁትን አትጻፉ እያልኩ አርጅቻለሁ። ይህን አንዱን ግን ሲነገር እየሰማሁ፣ ሲያመሰግነኝ አንገቴን እየነቀነቅኩ ተውኩት።

ፒያሳ ሻይ ቤት ጠበቁኝ። ፋጡማ ተነስታ እጄን ሳመች። ቦርሳዋን ከፍታ በጨርቅ የተቋጠረውን አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ ስንት ቅጠል ነው የጨመሩት? አባቴ አያስታውሰውም።»

«ፋጡማ፣ በእሱ አይደለም የዳነው» አልኳት። ከዚያ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳቸው፦ መስኮቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ ድስቱን፣ ባልዲውን፣ ሐኪሙን። ጥላ፣ ውሃ፣ ክፍት በር፣ እርጥብ ጨርቅ፣ ፈጥኖ ሐኪም ቤት አልኳት። ደግማ ነገረችኝ፤ አልተሳሳተችም።

ሰይድ መጀመሪያ፣ «ተው አንተ! ወላሂ ያዳንከኝ አንተ ነህ» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳቁን አቆመና፣

«ምን ያህል ጊዜ ነው የሸፈንከኝ?» አለ።

«ግማሽ ሰዓት ያልፋል።»

የሻይ ብርጭቆውን በቀኝ እጁ ይዞት ነበር። እንደ ልማዱ ይንቀጠቀጣል፤ ሻዩም ሳህኑ ላይ ይንጠባጠባል። እጁን፣ ልክ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ፣ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና ጠጣ።