ከትርፎቹ ጋር የወረደው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ስመለስ ሚኒባሱ ፍተሻው ጋ ከመድረሱ በፊት ጥጉን ያዘ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ፣ «ትርፎች ውረዱ! ትራፊኩን በእግር እለፉት፣ ወደፊት እንጭናችኋለን» አለ። ተደራርበው የተቀመጡት ዝም ብለው ወረዱ። እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ እንደ እብድ ጮህኩ። «ያወረድካቸውን አንድ ሳታስቀር ካልጫንክ ይቺ መኪና ንቅንቅ አትልም!» አጠገቤ ያለችው ወጣት ደንግጣ፣ «ማዘር፣ ምን ሆነው ነው?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ ቡታጅራ የቀረ አስተማሪ ነው፤ ክርክር ወዳድነቴን ከሱ ነው የወረስኩት። ለዚህም ይሆናል መናኸሪያው ውስጥ ቅሬታ ሰሚ አድርገው የቀጠሩኝ። ሻንጣው የጠፋበት፣ ረዳት የሰደበው፣ መንገድ ላይ ያወረዱት ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ሾፌሩን አስጠርቼ የሁለቱንም እሰማለሁ፤ ጥፋተኛ ከሆነ ስምሪት አስከለክለዋለሁ። ስምሪት የተከለከለ ሾፌር ደግሞ ሰው መጫን አይችልም። እንዴት እንደሚፈሩኝ! በሌለሁበት «ዳኛዋ» ይሉኝ ነበር አሉ።

እትዬ ዘነበች የመጡት በጥቅምት ነው። ከቡታጅራ ወጣ ብላ ባለችው በቆሼ ከተማ በኩል በየደጁ በርበሬ ተሰጥቶ ሜዳው ሁሉ የሚቀላበት ወቅት ነው። እሳቸውም በርበሬ ነጋዴ ናቸውና ገና ከመግባታቸው አስነጠሰኝ። «ይማርሽ» ብለው ተቀመጡ፤ ነገራቸውንም ሳይቸኩሉ ነገሩኝ።

ከዓመት በፊት ነው። እሳቸው በጠዋት በርበሬያቸውን ይዘው ቡታጅራ ገብተዋል። ልጃቸው ደሳለኝ ዘግየት ብሎ ከቆሼ ይሳፈራል፤ መኪናው ሞልቶ ስለነበር በትርፍ ጫኑት። ከፍተሻው በፊት ትርፎቹ ወረዱ፣ በእግራቸው አለፉ፣ ወዲያ ማዶ ተመልሰው ተሳፈሩ። ደሳለኝ አልመጣም። ጫካ የለ፣ ገደል የለ፣ ዶሮ እንኳ የማትሸሸግበት ገላጣ ሜዳ ነው። ፖሊስ ፈለገ፣ ዘመድ ፈለገ፣ ጫማው እንኳ አልተገኘም።

«ገደሉብኝ አላልኩም» አሉኝ። «ካሳ ስጡኝም አላልኩም። ቡታጅራ እናደርስሃለን ብለው ጭነው መንገድ ላይ አወረዱት። ካወረዱበት ይጫኑት ነው የምለው። እንባ ጠባቂው ጋ ሄጄ ደህና አድርጎ ሰማኝ፤ መጀመሪያ የመናኸሪያው ቅሬታ ሰሚ ይወስን አለኝ። ይኸው አንቺ ጋ መጣሁ።»

«እትዬ ዘነበች፣ ዓመት አለፈው እኮ…»

«ዘመዱም እንዲሁ ይለኛል። እርምሽን አውጪ፣ ተዝካሩ ይውጣ ይለኛል። መንገድ ላይ የቆመ ሰው እንዴት ተብሎ ይለቀሳል፣ የኔ ልጅ?»

 ደሳለኝን የጫኑትን ሾፌር፣ ጋሽ ከድርን አስጠራሁ። ቀልደኛ ሰው ነበሩ፤ የዚያን ዕለት ግን ፊታቸው አመድ መስሏል። የእትዬ ዘነበችን ጥያቄ ስነግራቸው፣ «እዚያ ቦታ አልቆምም» አሉ።

«ለምን?»

«ወላሂ ባለፍኩ ቁጥር እጁን የሚያነሳ ሰው አያለሁ። ፍሬን ልይዝ ስል የለም።»

እኔ ደግሞ ያኔ ጋኔን ምናምን ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። «ቢኖርም ባይኖርም ቆመው በር ይከፍታሉ፤ አለዚያ ስምሪት የለም!» አልኳቸው። ለምን ይዋሻል፣ እናቲቱ ባዶውን አይተው እርማቸውን ያወጣሉ ብዬ ነው። እትዬ ዘነበችን አብረውን እንዲሄዱ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። «ያን ቀን የጠበቅኩት መውረጃው ላይ ነው፤ ዛሬም እዚያው እጠብቀዋለሁ» አሉ።

ከቆሼ የተነሳነው ወደ ቀትር ላይ ነው። ሰዉን በልኩ አስጫንኩ፤ የኋላው ወንበር ላይ አንድ ቦታ አስተረፍኩ። ለተሳፋሪው የተናገርነው ነገር አልነበረም። ቦታው ላይ ስንደርስ ጋሽ ከድር ቆሙ። ረዳታቸው ሙዘይን፣ ጢማም ትልቅ ሰው ነው፣ በሩን ከፍቶ «ቡታጅራ! ቡታጅራ!» ብሎ ተጣራ። ሜዳው ላይ ጥላ እንኳ የለም። ነፋሱ ቆሟል፣ ወፍ አይጮህም።

ከዚያ መኪናው ወደ በሩ በኩል ዝቅ አለ። ሰው መርገጫውን ሲረግጥ ዝቅ እንደሚለው። ሙዘይን ሳያስበው፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። የኋላዎቹም ተጠጋጉ! አንዲት ሴት ሰው የተቀመጠበት ይመስል የነጠላዋን ጫፍ ከጎኗ ሳብ አደረገች። ትንሽ እንደሄድን ቆሎ አውጥታ ግራ ቀኙን ስታድል እጇን ወደ ባዶው ቦታ ዘረጋች። «እንካ፣ ያዝ» ካለች በኋላ የገዛ እጇን አይታ ደነገጠች።  እኔ ከዚያ በኋላ እስከ ቡታጅራ ወደኋላ የማየት ድፍረት አጣሁ።

እትዬ ዘነበች መውረጃው ላይ ቆመዋል። ሰው ወርዶ አለቀ። ወደ ኋላው ወንበር ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ብርሃኑ ግን ትንሽ ቆየና ጠፋ።

«ይሄ የኔ ልጅ አይደለም» አሉ።

ጋሽ ከድር መሪው ላይ ተደፉ። እኔ «እትዬ፣ ማንም የለም እኮ!» አልኳቸው።

«የኔው ረጅም ነው። ይሄ ገና ለጋ ነው። የማን ልጅ ነው ያመጣችሁት?» ዙሪያቸውን አዩ። ከእሳቸው በቀር የሚጠብቅ አልነበረም። ዕንባቸው እየወረደ ቆሙ፣ ቆሙና እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ። «ና፣ ውረድ። ቀስ በል። እናትህ እስክትመጣ እኔ ጋ ትቆያለህ።»

መኪናው ቀለል ሲል ተሰማኝ። እትዬ ዘነበች አንድ እጃቸውን ወደ ጎን እንደያዙ በገበያው መሐል ሄዱ። ያ ሁሉ የገበያ ግፊያ ለሁለት ሰው የሚበቃ መንገድ ይለቅላቸው ነበር።

እኔ ጋ ዳግመኛ አልመጡም። ጋሽ ከድር ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በዚያ ቦታ ሳይቆሙ አላለፉም፤ በር ይከፍታሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ይዘጋሉ። መኪናው ግን አንድም ቀን እንደዚያ ዝቅ አላለም።

እትዬ ዘነበች ካረፉ ቆይተዋል፤ የልጃቸውን ተዝካር ሳያወጡ ነው የሄዱት። ስንት ቅሬታ ሰምቼ ስንቱን ፈትቻለሁ፤ የማስበው ግን ያንን ነው። የሳቸውን አቤቱታ ልመልስ ብዬ፣ አቤት የሚልለት ያጣ የሌላ ሰው ልጅ አስጫንኩ። እናቱ የት ነበረች? የቱ ደጅ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቅ ነበር?

ያስፈራኛል፣ ያጽናናኛልም። የእትዬ ዘነበችን ደሳለኝ አንድ የማላውቀው ሾፌር ቆሞለት ይሆናል። የሆነ አገር መውረጃ ላይም አንዲት ሴት አይታው «ይሄ የኔ አይደለም» ብላ አልቅሳ፣ መልሳ ግን እጁን ይዛ ወደ ቤቷ ወስዳው ይሆናል እላለሁ።