ጥሩወርቅ ለክረምት የደረበችው

ጥሩወርቅን ይበልጥ ያስፈራት በሽታው ነበር ወይስ የሰው ዓይን? ብዙ አስቤበታለሁ፤ መልሱን ግን አላውቀውም። እሷን ራሷን አንድ ቀን ጠይቄአት ነበር። «መቼ ለይቼው?» አለች።

በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት ሀዋሳ ታቦር ሰፈር፣ እትዬ ብርቅዬ ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራብተን ተከራይተን እንኖር ነበር። ጥሩወርቅ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ ጸሐፊ ናት። ዕድሜዋ ሠላሳ አራት ቢሆን ነው። ባሏ ገብረጻድቅ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ሲያስለው ከርሞ ሞተ። ለቅሶ የመጣው ሰው «ሳንባ ነው» አለ። ጮክ ብሎ ያለው ይህን ነበር። በሹክሹክታ ያለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ዘመን ከስቶ ለሞተ ሾፌር ሌላ በሽታ አይገመትለትም፤ ሚስቱንም ሰው ሁሉ በሐሳቡ ተራ አስይዟት ነበር።

ጥሩወርቅ ጥቁሯን ዓመት ለብሳ አወለቀች። ደህና ነበረች። ከዘጠና አምስቱ ፋሲካ በኋላ ግን መክሳት ጀመረች። እየበላች ነው የምትከሳው፤ እንዲያውም ከበፊቱ አብልጣ ትበላለች። ተቀምጣ ሳለ ልቧ ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ታይፕ ስትመታ ጣቶቿ እየተንቀጠቀጡ ፊደል ትስታለች። እንቅልፍ ከናካቴው ጠፋ። እኔ መጽሐፍ ይዤ የማመሽ ሰው ነኝ፤ አምፖሌን ሳጠፋ የእሷ መብራት በበሩ ሥር ገና ይታየኝ ነበር።

«መጣብኝ» አለች ለራሷ። ሌላ ነገር ይሆናል ብላ ለአንድ ቀን እንኳ አላሰበችም። ሰው ሲጠብቀው የኖረው ነገር በሩን ሲያንኳኳ ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም።

ለመመርመር አልደፈረችም። ከመናኸሪያው ማዶ አንድ ክሊኒክ ነበር፤ ደም በነጻ ይመረምራል ይባላል። ግን በዚያ በር ሲገባ የታየ ሰው ውጤቱን ሌላው ቀድሞ ያወጣለታል። ወሬው መሥሪያ ቤት ይደርሳል፤ ከዚያ እትዬ ብርቅዬ ጆሮ ይገባል፤ ከዚያ ቤት ልቀቂ ነው። ወዴት ትሄዳለች? ዘመዶቿ ደሴ ናቸው። ከስታ ደሴ መግባት ደግሞ በመለከት ማወጅ ነው።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈለገች። የጎደለውን ሥጋ በልብስ ልትሞላው አሰበች።

የሀዋሳ ክረምት እውነቱን ለመናገር ያን ያህል ክረምት አይደለም። ጠዋት ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይነሣል፣ ከሰዓት ይዘንባል፣ በመሃሉ ፀሐይ ወጥታ ጀርባ ታቃጥላለች። አንድ ሹራብ ለሰው ይበቃዋል። ጥሩወርቅ ግን ያን ክረምት እንደ ገበሬ ጠበቀችው። በብርድ የደረበ ሰው ለምን ደረብክ አይባልም። እስከ መስከረም ይሸፍነኛል፤ ከመስከረም ወዲያ ያለውን ያኔ አስብበታለሁ አለች።

ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ በሯን ዘግታ ያላትን ልብስ ሁሉ አልጋው ላይ ዘረጋችና ገላዋን ከላይ እስከ ታች በመስተዋት እያየች አቀደች። መጀመሪያ አንገት። አጥንቱ ወጥቷል፤ ከጉሮሮዋ ሥር ደግሞ ትንሽ ያበጠ ነገር አለ። ንፍፊት ነው፣ እሱም ከዚያው በሽታ ነው ብላ ደመደመች። እሱን ወፍራም ሻርፕ ይይዘዋል። ለክንድ ሁለት ሹራብ፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ለዳሌ ከጉርዱ ሥር ሌላ ጉርድ። ለእግር የሱፍ ካልሲ። ለትከሻ ኮት ያስፈልጋል፤ ትከሻው ስፖንጅ ያለው። ፊቷ ጋ ስትደርስ ቆመች። ፊት ምን ይለብሳል? መስተዋቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

ኮቱን ልብስ ሰፊ ዘንድ ማሰፋት አልቻለችም። መሃል ከተማ ያለው ማቴዎስ ከሠርጓ ቀሚስ ጀምሮ ልብሷን የሚሰፋ ሰው ነው፤ ሜትሩን አንዴ ወገቧ ላይ ካዞረ ያልቃል። ስለዚህ ሰልባጅ ተራ ሄደች። ደበሌ የሚባል ነጋዴ ከክምሩ መሃል ቡናማ የሱፍ ኮት ጎትቶ አወጣላት፤ ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳው ስትወጣ ገና ከሩቅ ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ይሄ አንቺን ሁለት አድርጎ ይውጣል።»

«ሰፊ ነው የምፈልገው።»

«የሚያምርብሽን ልስጥሽ እንጂ። ያቺን ሰማያዊዋን ሞክሪ።»

«እሷ ጠባብ ናት።»

«ጠባብ? እንኳን ላንቺ!» ደበሌ ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁን ቀነሰ። «እሺ እንግዲህ፣ ሱፉ ለልጅ ልጅ ነው። ባለቤቱ ፈረንጅ ሞቶ ይሁን ወፍሮ እንጃ፤ ኮቱ ግን ምንም አልሆነ።»

ጠቅልላ ወሰደችው።

ሰኔ ሲገባ ልብሱ ወጣ። የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ በር ላይ «ወፍረሻል፤ ተመስገን ነው!» አላት። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች። ሰው ውሸቱ ሲታመንለት እሱም ትንሽ ያምነዋል። በማግሥቱ ግን ፀሐይዋ በረታች፤ ክፍሉ ውስጥ አብራት የምትሠራው ሳምሪ ጫማዋን አውልቃ በወረቀት ታራግባለች።

«ጥሩዬ፣ ደብረ ብርሃን ተዛወርሽ እንዴ ሳትነግሪን?»

«በርዶኛል።»

«ምኑ ነው የበረደሽ? ላብሽ እኮ ደብዳቤው ላይ ጠብ አለ። የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ሊዋኝ ነው።»

«ምች ነው። ያልፋል።»

«ታዲያ ዳማከሴ እንጂ ኮት ለምች መድኃኒት ሆኖ ያውቃል?» ሳምሪ ሳቀች። ተጫዋች ናት፤ ክፋት የላትም። ጥሩወርቅ ግን ከዚያ በኋላ ሳቋን በሰማች ቁጥር ስለ እኔ ነው ትል ጀመር። ምሳ አብራ መብላት ተወች። ኮቱ ሲሞቃት ሽንት ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣ አውልቃው ትቆምና ልቧ ትንሽ ሲረግብ መልሳ ትለብሰዋለች።

ግቢያችንም ውስጥ አንድ ነገር ነበር። እትዬ ብርቅዬ እሑድ እሑድ ተከራዮቻቸውን ሻይ ይጠሩናል። ለጥሩወርቅ ሁልጊዜ የሚደርሳት ዳሩ የተሸረፈው አረንጓዴ ኩባያ ነው። አንድ እሑድ ቀረብ ያላትን ሌላ ኩባያ ልታነሣ እጇን ስትሰድ እትዬ ብርቅዬ ፈጠን ብለው «እሱን ተይው ልጄ፣ ያንቺ ይሄ ነው» አሏት። ሻዩን ጠጣች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ኩባያው ጥርሷ ላይ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

እንዲህ ሆኖ ሐምሌ ገባ። አንድ ማታ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከሥራ ስትመለስ እትዬ ብርቅዬ የግቢው በር ላይ አገኟት። የኮቱን እጅጌ በጣታቸው ያዝ አድርገው ፈተሹት።

«አዲስ ገዛሽ?»

«አዎ እትዬ።»

«ደህና ጨርቅ ነው። በላይሽ ይለቅ።»

ይህ አዲስ ለለበሰ ሰው ሁሉ የሚባል ምርቃት ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ ተብዬ አሜን ብያለሁ። ልብሱ ሳያልቅ አንቺ አትለቂ ማለት ነው። ጥሩወርቅ ግን አሜን ማለት አቃታት። ሱፉ ለልጅ ልጅ ነው ያላት የደበሌ ድምፅ ትዝ አላት። ይህ ኮት አሥር ዓመት አያልቅም። እኔስ?

በዚያች ቅጽበት የታያት፣ እንደነገረችኝ፣ የገብረጻድቅ የቆዳ ጃኬት ነው። ከአርባው በኋላ ለአንድ ነዳይ ሰጥታው ነበር። ከወራት በኋላ በጉዱማሌ ሜዳ በኩል ስታልፍ አንድ ባለጋሪ ለብሶት አየችው። ክርኑ ላይ ራሷ የጣፈችው ቦታ ሳይቀር አለ። ጃኬቱ በፈረስ ጋሪ ላይ ተቀምጦ፣ ደህና ሆኖ፣ እያፏጨ ሄደ።

«አሜን በይ እንጂ» አሉ እትዬ ብርቅዬ።

«አሜን» አለች። ቤቷ ገብታ ኮቱን እንደለበሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሲነጋም እዚያው ነበረች። የሚሞትበትን ልብስ መርጦ መግዛት ከመሞት ይብሳል ብላ የወሰነችው ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ ሥራ አልገባችም። ያላትን ሁሉ ደራርባ፣ በላዩ ነጠላ ተከናንባ፣ ዓይኗ ብቻ እየታየ ጋሪ ተሳፈረች። ክሊኒኩ በር ላይ ሁለት ጊዜ አልፋ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። በመጨረሻ ዝናብ ጣለ፤ ለመጠለል እንደገባ ሰው ገባች።

የተቀበለቻት ነርስ ሲስተር ታቢታ ትባላለች፤ ወፍራም፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ ሴት።

«ክንድሽን ስጪኝ።»

ጥሩወርቅ ኮቱን አወለቀች። ሹራቡን አወለቀች። ሁለተኛውን ስትጀምር ሲስተር መርፌዋን አስቀመጠች።

«ሽንኩርት ልጠሽ ልትጨርሺ ስንት ቀረሽ?»

ጥሩወርቅ አልሳቀችም። ደሙ ተቀዳ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ በይ ተባለች። በሩን ነፋስ በከፈተው ቁጥር የምታውቀው ሰው የገባ እየመሰላት ነጠላዋን ትጎትታለች። ሲስተር ተመልሳ መጣችና አጠገቧ ተቀመጠች። የምትናገረውን ለመስማት ጥሩወርቅ ዓይኗን ጨፈነች።

«ነጻ ነሽ።»

«ምን?»

«ደምሽ ውስጥ የለም።»

«እንደገና እዪው።»

«ሁለት ጊዜ አየሁት።»

«ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ቢሆንስ?»

«በዚህ ዝናብ ዛሬ የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ እኮ።»

ጥሩወርቅ አላመነችም። ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው እንዲህ የሚያቀልጠኝ አለች። ባሌስ በምን ሞተ? ሲስተር «እሱን እኔ አላውቅም» አለች። ከዚያ ላቧን ተመለከተች። «በይ ያን ሻርፕ ፍቺው፤ ሊያንቅሽ ነው።»

«አንገቴን ብርድ…»

«ፍቺው አልኩሽ።»

ሻርፑ ወረደ። ሲስተር ሁለት ጣቷን ጉሮሮዋ ሥር አኖረች።

«ምራቅሽን ዋጪ።»

ዋጠች። ያበጠው ነገር ከጣቶቹ ሥር ወደ ላይ ወጥቶ ወረደ።

«ይሄን ነው ስትሸፍኚ የከረምሽው?»

«ንፍፊት ነው።»

«ማን አለሽ?»

«ማንም።»

«እናትሽ እንቅርት አለባቸው?»

«አዎ። ትልቅ።»

«ልብሽ ይመታል፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ እየበላሽ ትከሻለሽ። ሰው ሳይሞቀው ይሞቅሻል። እንቅልፍም የለሽም።» ሲስተር የምትናገረው እንደ ጥያቄ አልነበረም። «እንቅርት አንዳንዱን እንዲህ ያደርገዋል። ይህን አንገትሽን አንድ ሰው ቢያይልሽ ኖሮ ገና ድሮ ይታወቅልሽ ነበር።»

«ይገድላል?»

«ከተውሽው ልብ ይጎዳል። ሆስፒታል ሐኪም ይይሽ፤ የሚዋጥ መድኃኒት አለው። ምናልባት ቀዶ ጥገና ያዝዙ ይሆናል፤ እሱን እነሱ ይወስኑ።»

ቀዶ ጥገና የሚለውን ስትሰማ ፍርሃቱ ተመለሰ፤ ግን ይህኛው ለሰው ሊነገር የሚችል ፍርሃት ነበር።

ኮቱንና ሹራቦቹን በክንዷ ታቅፋ፣ አንገቷን ገልጣ በእግሯ መጣች። ዝናቡ ቀጭን ክንዷን አበሰበሰው። ያያት ሁሉ አያት። ግቢ ስትደርስ እትዬ ብርቅዬ ደንግጠው ተነሡ።

«ምነው? ልብስሽን ተሸክመሽ ከየት ነው?»

«እንቅርት ነው አሉኝ እትዬ።»

«እንቅርት? ደሙስ?» አሉ በጥድፊያ፤ ወዲያው ከንፈራቸውን ነከሱ።

«ደሙ ነጻ ነው።»

«እኔማ መቼ ጠረጠርኩ?»

ጥሩወርቅ ቀና ብላ አየቻቸው። እትዬ ብርቅዬ ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ። «ግቢ እንግዲህ፤ ብርዱ በጀርባሽ ይገባል» አሉ።

ቤቷ ገባች። እኔ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ፤ ይህን ሁሉ ገና አላወቅሁም። ጥቂት ቆይታ በግድግዳው ጠራችኝ።

«እያነበብክ ነው?»

«አዎ ጥሩዬ። ምነው?»

«ልቤ አሁንም ይመታል። ጮክ ብለህ አንብብልኝ።»

«ምኑን?»

«የማያስፈራ ይሁን እንጂ የፈለግኸውን።»

የአሥረኛ ክፍል የጂኦግራፊ መጽሐፌን አወጣሁና ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ጥልቀት አነበብኩላት። መሃል ላይ «ደረቅ ነው፣ ልለውጠው?» አልኳት። አልመለሰችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅ የለም። ትንፋሿን ለመስማት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አኖርኩ። ተኝታለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።